ለአጎበሩ አምስት ኮከብ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። በእኛ ቀበሌ የወባ ትንኝ የለችም። ኖራም አታውቅም። መንገድ ስታ የመጣች ብትኖር እንኳ፣ ከሞላሌ ወደ እኛ የሚያወጣውን አቀበት ሳትጨርስ ክንፏ ደርቆ ትቀራለች። ያለነው መንዝ ነው፤ ሰው በቀትር ባና ደርቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅበት አገር። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥሎ የማወጋችሁን ስትሰሙ «ምናልባት ትንሽ ትንኝ ይኖራቸው ይሆናል» ብላችሁ ነገሩን እንዳታቃልሉብኝ ነው።

ባለፈው ኅዳር አንድ የጭነት መኪና ሙሉ የወባ አጎበር ተላከልን። እኛም አምስት ኮከብ ሰጠነው።

ነገሩ የጀመረው በበረዶ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ፣ ገብሱ ሊያሽት ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደና ማሳውን ከጭቃ ለወሰው። አገዳው እንኳ ለገለባ ሳይሆን በሰበሰ። ሳምንት ሳይሞላ ውርጭ ተከተለና የተረፈውን ሣር ለበለበው። ለሰው የሚሆን እህል ዘመድ አያሳጣም፤ የአክስቴ ልጅ ከዘመሮ ሁለት ጆንያ ጭኖ መጣ። የበግ መኖ ግን ተሸክሞ የሚመጣ ዘመድ የለም። ጭንቁ እሱ ነበር። አክስቴ ወይዘሮ አሰለፈች ከባላቸው ሞት በኋላ የቀራቸው በጎቻቸው ናቸው። ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ባና ያሠራሉ፣ በዚያ ይኖራሉ። ሸጠው እንዳይገላገሉ፣ በጎቹ እናቶች ናቸው፤ ደግሞም በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ በጉን እየነዳ ወደ ሞላሌ ገበያ ይወርድ ስለነበር ገዢው ሻጩን ቀና ብሎ አያይም ነበር።

እኔን በተመለከተ፣ ብዙ የምለው የለም። አዲስ አበባ ተቀምጬ ለብዙ ዓመታት ጋዜጣ ላይ ስጽፍ፣ ሰው ያመሰገነውን ሁሉ ስነቅፍ ኖርኩ። የምነቅፈው ሲያልቅብኝ ወይም የሚያነበኝ ሲያልቅ (የትኛው እንደቀደመ አላስታውስም) መጽሐፎቼን በሦስት ማዳበሪያ ከትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። የአክስቴ ቤት ከእኔ ቤት በአንድ የድንጋይ አጥር ይለያል። መንደሩ የተማረ ሰው ነው ብሎ የአደጋ መከላከል ኮሚቴ ውስጥ አስገባኝ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሸዋንግዛው ነው፤ አብሮ አደጌ፣ ከእኔ በቀር ሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ።

በረዶው በወረደ በሁለተኛው ሳምንት ሕይወት መጣች። ሕይወት ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ የላካት ወጣት ባለሙያ ናት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ቅን ናት፤ በኋላ ለደረሰብን ሁሉ ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም። በእጇ ታብሌት ይዛለች። በታብሌቱ ውስጥ ያለው ነገር ስሙ ረጅም ነው፤ «የአደጋ ሥጋት ውሳኔ ምክረ ሐሳብ ሰጪ ሥርዓት» ይባላል። መንደሩ ስሙን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ «መካሪው» አለው።

መካሪ ድሮም ነበር። የጥንት ገዢዎች መካሪ ነበራቸው፤ ምክሩ የሰመረ እንደሆነ ገዢው ይመሰገናል፣ ያልሰመረ እንደሆነ መካሪው ይሰቀላል። ይህ ጥሩ አሠራር ነበር፤ መካሪውን ያስጠነቅቀዋል። የአሁኑ መካሪ የሚሰቀልበት አንገት የለውም። ይህንኑ በኮሚቴው ፊት ተናገርኩ። ሕይወት በትሕትና አዳመጠችኝና፣ ስጨርስ እንዲህ ብላ አስረዳችን፦

«መካሪው መጀመሪያ የእናንተን መልስ ይሰበስባል። ከዚያ በመልሱ እናንተን የሚመስል ሌላ ቀበሌ ይፈልጋል። ያንን ቀበሌ ምን እንደጠቀመው ያይና ለእናንተም ያው ይላክ ብሎ ለቢሮው ይመክራል። የተላከው ሲደርሳችሁ ኮከብ ትሰጣላችሁ። አምስት ኮከብ ማለት ወደድነው ነው፤ አንድ ኮከብ ማለት አልጠቀመንም ነው። ከኮከባችሁ እየተማረ ይሄዳል።»

«እየተማረ?» አለ ሸዋንግዛው፣ እኔን በዓይኑ እየጠቆመ። «ከዚህ ሰው የተሻለ ነዋ።»

እኔ ዝም አላልኩም። አንዱ ሰው ሌላውን መምሰሉ በምን ይታወቃል፣ መመሳሰል ራሱ ምንድን ነው እያልኩ፣ ከግሪኮች ተነሥቼ ወደ እኛ ሊቃውንት ስሻገር ፀሐይ ዞረች። ሕይወት ታብሌቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ስርቅ አድርጌ አየሁት፤ «የኮሚቴ አባል አስተያየት፦ ረጅም» ይላል።

በማግስቱ ቤት ለቤት ጥያቄ ተጀመረ። አክስቴ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። የተቀመጥነው ደጃፋቸው ላይ ካለው መደብ ነው፤ ፊት ለፊታችን በበረዶ የተወቀጠው ማሳ ተዘርግቷል።

«እማማ፣ እንደምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሰብልዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

«ግጦሹስ?»

«ደህና ነው። እሱ አያሳጣም።»

«በጎችዎ ስንት ናቸው?»

አክስቴ ልጅቷ ቀሚስዎን ያውልቁ ያለቻቸው ይመስል ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና ብለው፣ ለእንግዳ በሚገባ ለስላሳ ድምፅ «እሱ ያውቃል» አሏት።

«ቁጥር ካልሆነ አይቀበልም እማማ።»

«እሱም ቁጥሩን ያውቃል።»

ሕይወት ትንሽ አሰበችና ዜሮ ጻፈች።

እዚህ ላይ ለማታውቁን ላስረዳ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ደህና ነው» ወሬ አይደለም። በር ነው፤ እንግዳውን ማስገቢያ። ሁለተኛው «ደህና ነው» ወንበር ማቅረቢያ ነው። ሦስተኛው ሲባል እንግዳው አረፍ ይላል፣ ጉሮሮውን ያርሳል። ከዚያ በኋላ፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው፣ «ብቻ ይኼ በረዶ…» ተብሎ ይጀመራል። ገና እግሩ ደጃፍ በረገጠ ሰው ላይ መከራን መዘርገፍ ነውር ነው። የበግ ቁጥር ለሰው መናገር ደግሞ በጉን ለዓይን አሳልፎ መስጠት ነው። ሕይወት በአንድ ቀን መንደሩን ሁሉ መጨረስ ነበረባት። በየቤቱ በሩ ላይ ደርሳ፣ በሩን መዝግባ ተመለሰች።

«ሕይወት» አልኳት ስንወጣ፣ «ያን ማሳ አላየሽውም?»

«አየሁት እንጂ ጋሼ። ግን ያየሁትን የምጽፍበት ቦታ የለውም። የቤቱ ባለቤት የነገረኝን ብቻ ነው የሚቀበለው።»

ያኔ እጇን ይዤ ወደ አክስቴ መልሼ፣ «ተቀመጪ፣ ቅቤ እስኪነጠር ያህል ዝም በይ» ብላት ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። እኔ ግን ያየነውን መጻፍ የማይችል ሥልጣኔ ወዴት እያመራ እንደሆነ እያብራራሁላት እስከ መንገዱ ሸኘኋት።

መካሪው መልሳችንን ወሰደ። ሰብሉ ደህና፣ ግጦሹ ደህና፣ በግ ዜሮ። እኛን የሚመስል ቀበሌ ፈለገና አገኘ፤ መርሐቤቴ ቁልቁል ጃማ ወንዝ ዳር፣ ማንጎ የሚበቅልበት፣ ሰው በሌሊት ከቤት ውጭ የሚተኛበት ቆላ። ያንን ቀበሌ የጠቀመው አጎበር ነበረ። እኛም ከተቀመጥንበት ሳንነሣ ቆላ ወረድን።

አጎበሩ የተራገፈ ቀን መንደሩ ሁሉ ወጣ። አክስቴ አንዱን ፈትተው ወደ ፀሐይ ዘርግተው አዩት። «ምን የመሰለ ስስ ነው» አሉ፣ ብርድ ለማያስጥል ልብስ ማዘን በሚመስል ድምፅ። ሹፌሩን መረቁ፣ ሕይወትን መረቁ፣ አጎበሩን የሠራውን እጅ መረቁ።

ሕይወት ታብሌቷን አወጣች። «ስንት ኮከብ ልስጥ?»

ሸዋንግዛው እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። «ልጅቷ ይኼን ሁሉ አቀበት ይዛልን ወጥታ» አለ በሹክሹክታ፣ «እንዴት በፊቷ አንድ ይባላል? ሰው አይደለንም እንዴ?» ሰው ነን። አምስት አልን።

ከዚያ በኋላ አጎበር የሌለበት ቦታ ጠፋ። ጫጩት ከጭልፊት ተጋረደበት፣ የሸዋንግዛው ጥጃ ታሰረበት። መምሬ ዘውዴ፣ የደብራችን ቄስ፣ ማር ሲቆርጡ ፊታቸውን ሸፈኑበትና «ለንብ ከሆነስ ቁም ነገር ነው» አሉ። ይህንን ብቻ እንኳ ብንነግረው መካሪው አንድ ነገር በተማረ ነበር። አልነገርነውም።

በታኅሣሥ ሁለተኛው ምክር መጣ። አጎበር የወደዱ ቀበሌዎች የሙቀት አደጋ መከላከል ሥልጠናም ወደዋል አለ። አሠልጣኙ ከቆላ የመጣ ወጣት ነበር፤ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሷል። ሥልጠናው ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በጠዋት ተጀመረ። በጣሪያውና በግድግዳው መካከል በገባው ነፋስ በእጁ የያዘው ወረቀት ይርገበገባል።

«ሙ-ሙ-ሙቀት ሲበረታ» አለ ልጁ፣ ጥርሱ እየተፋጨ፣ «ልብሳችሁን ቀንሱ። ጥ-ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቀዝቃዛ ው-ውሃ…»

መምሬ ዘውዴ ከዚህ በላይ መስማት አልቻሉም። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈፉና አከናነቡት። «አንተ ተናገር ልጄ» አሉት፣ «እኛ እንሸፍንሃለን።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ይኼ የምትለው ሙቀት መቼ ነው የሚደርሰን?» አሉ። የጠየቁት በተስፋ ነው። ሥልጠናው ሲያበቃ አምስት ኮከብ ተሰጠ። እንዲያ ሲንቀጠቀጥ ያየነውን ልጅ አንድ ኮከብ አስይዘን ብንሰደው ምን አንጀት ይኖረናል?

ይህ ሁሉ ሲሆን በጎቹ ይመነምኑ ነበር። የመንዝ በግ ጠጉሩ ወፍራም ስለሆነ ረሃቡን ይደብቃል፤ ከሩቅ ሲታይ ድብልብል ነው። እሱም እንደ ባለቤቱ ደህና ነኝ ይላል። አጥንቱ የሚገኘው እጅ ጠጉሩ ውስጥ ሲገባ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በአጥሩ ላይ ሳይ፣ አክስቴ በረታቸው ውስጥ ተንበርክከው እጃቸውን አንዷ በግ ጎን ላይ አሳርፈው ቆይተዋል። ቡሬ የሚሏት ናት፤ በየዓመቱ መንታ የምትወልድ።

«እትዬ፣ እንዴት ናት?» አልኳቸው።

«ደህና ናት» አሉኝ ሳይዞሩ።

አጥሩን ተሻግሬ ገባሁ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ዝም አልኩ። እጃቸውን ከበጓ ጎን ሳያነሡ «ከጥር አታልፍም» አሉ።

በዚያው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሸዋንግዛው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ እኮ ዕድሜህን ሙሉ ስትነቅፍ የኖርክ ሰው ነህ። የጋበዘህን ትነቅፋለህ፣ ያልጋበዘህን ትነቅፋለህ። ባለፈው ፋሲካ የእኔን ጠላ ቀጥኗል ያልከው አንተ ነህ። እስቲ ዛሬ አንዴ ለቀበሌህ ስትል ንቀፍ! ልጅቷ ነገ ትመጣለች። አንድ ኮከብ በላት፣ አጎበር አንፈልግም፣ መኖ እንፈልጋለን በላት።»

«ይኼ ለእኔ ምን አለው?» አልኩ፣ እየተኮፈስኩ። ቤቴ ገብቼ ንግግር አዘጋጀሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። መደምደሚያው ጨካኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ እኔኑ አስፈራኝ።

በማግስቱ ሕይወት መጣች። የጫነቻት መኪና አቀበቱ ላይ ተበላሽታ ቀሪውን በእግሯ ወጥታዋለች። የአንድ ጫማዋ ሶል ተላቆ በገመድ ታስሯል፤ ከንፈሯ ብርድ ሰንጥቆታል። ተቀመጠች፣ እጆቿን እፍ እፍ አለችና ፈገግ አለችልኝ። «ጋሼ፣ ባለፈው ስለ መመሳሰል የነገሩኝን እኮ ሳስበው ነበር» አለችኝ።

በአሥር ዓመት ውስጥ የተናገርኩትን ያሰበበት ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«መካሪውን እንዴት አገኛችሁት?» አለች፣ ታብሌቷን እየከፈተች። ሸዋንግዛው ከበሩ ኋላ ቆሞ በእጁ አንድ ጣት ያሳየኛል።

«ጥሩ ነው» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልነበርኩበትም። «ጥሩ ጅምር ነው።»

«ስንት ልበል?»

«አምስት» አልኩ። ከበሩ ኋላ የነበረችው ጣት ጡጫ ሆነች።

ለሦስት ቀን ሸዋንግዛው ሰላም አላለኝም። በአራተኛው ቀን ሌላ መኪና አጎበር መጣና፣ የእኔ አምስት ኮከብ ተጨምሮበት ቀበሌያችን «የአጎበር አጠቃቀም ሞዴል ቀበሌ» መባሉ ተነገረን። ሕይወት በቅርቡ የብረት ሰሌዳ ይዛ እንደምትመጣም ተነገረን።

መምሬ ዘውዴ ከዚህ ሁሉ ኋላ ቀርተው አልተቀመጡም። ስለ ግጦሹና ስለ ከብቱ የሦስት ቀን ምሕላ አወጁ። ሕይወት ሰሌዳዋን አስይዛ የመጣችው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ ድምፅ ተከትላ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ጋር፣ ከአክስቴ ኋላ ቆመች። እኔ ከወንዶቹ በኩል ሆኜ አያታለሁ።

ሕዝቡ በየትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ እግዚኦ ይላል። ከዚያ መምሬ ዘውዴ እጃቸውን አነሡና ሁሉም በየራሱ የልቡን እንዲናገር ፈቀዱ። በዚያ ግቢ ደህና ነኝ የሚል አንድ ሰው አልነበረም። ሰብሉ፣ ሣሩ፣ በረዶው የወረደበት ሰዓት፣ የሞተው ጥጃ፣ ሁሉም ወጣ። ሰው ለሰው የሚደብቀውን ለእመቤታችን መደበቅ እሱ ደግሞ ሌላ ነውር ነው።

አክስቴ ግንባራቸውን ከግድግዳው አስደግፈው ጮክ ብለው ይናገራሉ።

«እመቤቴ፣ ቡሬን ታውቂያታለሽ። ዛሬ መነሣት አቃታት። ዳለቻን ታውቂያታለሽ። ጆሮ ቆራጣዋን፣ ቦቃዋን፣ ከዘመሮ የመጣችውን ጥቁር፣ የእሷን ልጅ፣ ያችን አንካሳዋን…»

ሕይወት በመጀመሪያ በጣቶቿ ትቆጥር ነበር። ጣቶቿ ሲያልቁ የነጠላዋን ዘርፍ ያዘችና የቆጠረቻቸውን ከመጀመሪያዋ ጀምራ ቋጠረች። አክስቴ አንዷን በጠሩ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ከዓይኗ የሚወርደውን የምትጠርገው ባልተቋጠረው ወገን ነው።

ምሕላው ሲያበቃ ግቢው ቅጥር ላይ ተቀምጣ ታብሌቷን ከፍታ አገኘኋት። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች ትጽፋለች። ከአክስቴ ጨርሳ የሌሎቹን፣ በጆሮዋ የደረሰውን ሁሉ ጻፈች።

«ሕይወት፣ ይኼ እኮ ጸሎት ነው» አልኳት።

«የቤቱ ባለቤት የተናገረውን ነው የሚቀበለው ጋሼ። ይኸው ተናግረዋል።»

«ለአንቺ አልተናገሩም።»

«ለማን እንደተናገሩ የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለችኝና ላከችው።

ይህ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ የተሻለው ነው፤ እኔ ስላላሰብኩት ቀናሁበት።

መካሪው አዲሱን መልስ ይዞ ከጃማ ወንዝ ዳር ተነሣና እኛ ወዳለንበት ወጣ። ልደት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ድርቆሽ ደረሰ፤ የታሰረ፣ ደረቅ፣ ደህና የሚሸት። የድሮው ኮከባችን ስላልተረሳልን ድርቆሹ ከነፋስ የተሸፈነው በአጎበር ነበር።

አክስቴ ሸክሙ ሲራገፍ ፊታቸውን አጥቁረው ቆሙ። «ለእመቤቴ የነገርኩትን ማን ነው ለመንግሥት ያወራው?» አሉ።

«እሷው እመቤታችን ራሷ ትሆናለች» አለ ሸዋንግዛው፣ ቆቡን አውልቆ። አክስቴ ትንሽ አሰቡና መልሱን ተቀበሉት።

በጎቹ እየተጋፉ ይበሉ ጀመር። በረቱ ውስጥ ከማኘክ በቀር ድምፅ የለም። ሕይወት አዲስ ጫማ አድርጋለች። ከአክስቴ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

ሕይወት ታብሌቷን አልከፈተችም። ጭኗ ላይ እንደተዘጋ አስቀመጠችው።

«በጎቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

ዝም አለች። አክስቴም ዝም አሉ። እኔም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምንም አልተናገርኩም። አንዲት በግ አስነጠሰች።

«እህሉስ፣ ቤቱስ?»

«ደህና ነው ልጄ። ሁሉም ደህና ነው።» ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉት። «ቡሬ ብቻ አልደረሰችበትም። ከትናንት በስቲያ ነው።»

ሕይወት ታብሌቷን ከፈተች። ወደ ላይ ገፋች፣ ወደ ታች ገፋች። ከትናንት በስቲያ ለሞተች በግ የሚሆን ቦታ አጣች መሰለኝ፣ ዘጋችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ቋጠሮዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሳትፈታቸው ነው ያቆየቻቸው። የመጀመሪያውን ቋጠሮ፣ የቡሬን፣ ዳሰሰችና ለአክስቴ አሳየቻቸው። አክስቴ ቋጠሮውን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ቆዩ።

በመጨረሻ ሕይወት ታብሌቷን መልሳ ከፈተች። «ኮከብ መስጠት አለብን እማማ። ይቅርታ፣ ግዴታ ነው። ስንት ልበል?»

አክስቴ በጎቻቸውን አዩ።

«ለሣሩ አምስት በይ» አሉ። «ለመካሪሽ ደግሞ፣» አሉና ለእንግዳ በሚገባ ለስላሳ ድምፅ ጨረሱት፣ «ደህና ነው በይው።»